አቀርቅር ያልኩት እኔ ነኝ

አባ ይሻው ከምስክሮች መቆሚያ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ልጅ ልጄ ያመለክታሉ። «ጋፋት መታጠፊያ ላይ በባጃጅ የገጨኝ ይኼ ነው። ፊቱን አይቼዋለሁ።»

ሞገስ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማቸዋል። ልክ እንዳስተማርኩት። ደግሞም ጥሩ ነው፤ አገጩ የአንገትጌውን ጠቃጠቆ ይሸፍንለታል።

ሳምንቱን ሙሉ አስጠንቼዋለሁ። ዳኛ ሲገባ ተነስ። ስትናገር «ክቡር ፍርድ ቤት» በል። እጅህን ኪስህ እንዳትከት። ሽማግሌ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አትየው፤ «ዋሹ» የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ። አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ዳኛ ፊት ሲቆም በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ስድስተኛ ክፍልም ደርሻለሁ። ችሎት የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ሞገስ አልገጫቸውም። የገጫቸው ሳይቆም ሄደ። ሞገስ በኋላ በራሱ ባጃጅ ደርሶ፣ ተሳፋሪውን አውርዶ፣ አቅፎ አንስቶ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው ነው። ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደሙ በሦስተኛው ውኃ ለቀቀ፤ የአንገትጌው ግን እምቢ አለኝ። ሌላ ደህና ሸሚዝ የለውም።

ዳኛዋ ከልጄ ያንሳሉ፤ ወንበሩ ግን ወንበር ነውና አንቱ ናቸው። «ተከሳሽ፣ ምስክሩን የምትጠይቀው አለ?»

ሞገስ ይብስ ያቀረቅራል። «የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዳኛዋ ይጽፋሉ። ዐቃቤ ሕጉም ይጽፋል። ጎረቤቴ ብዙነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምነው አንገቱን ደፋ? አምኖ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ሳላስበው ቆሜያለሁ።

«አቀርቅር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ!»

ፖሊሱ ወደ እኔ ሲመጣ ዳኛዋ በእጃቸው ያቆሙታል። «እማማ፣ ይኼ ችሎት ነው። ሳይፈቀድልዎ አይናገሩም፤ እኔም እዚህ ልጅዎ አይደለሁም። ይቀመጡ። ከደገሙት ይወጣሉ።»

እቀመጣለሁ። በነጠላዬ ጫፍ አፌን እይዛለሁ።

«ተከሳሽ» ይላሉ ዳኛዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እዚህ ቀና ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥያቄ አለህ ወይ?»

ሞገስ እሳቸውን አያይም። ዞሮ እኔን ያያል። መናገር ተከልክያለሁ፤ አገጬን ብቻ ወደ ላይ አነሳለሁ።

ቀስ ብሎ ቀና ይላል።

«አባ፣ ድፍረት አይሁንብኝ። ባጃጁ የመታዎ በየት በኩል ነው?»

«በኋላዬ።»

«ያን ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዞሬ እሳለም ነበራ። አቀርቅሬ።»

«ታዲያ ፊቴን መቼ አዩት?»

አባ ይሻው ፊቱን ትኩር ብለው ያያሉ። ከዘራቸው ወለሉን አንዴ፣ ሁለቴ ይነካል።

«ስታነሳኝ» ይላሉ።

የዳኛዋ ብዕር ይቆማል። ሽማግሌው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም እደፋለሁ። ቀና ብዬ ሳይ ሞገስ እንደቆመ ነው፤ አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ እምቢ ያለኝ ጠቃጠቆም ለችሎቱ ሁሉ ይታያል።