ሁለት ስኮርታ ጎማ

የነዳጅ መኪና ከታገደ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የተጫነበትን መዝኖ፣ ደርሶ ለመመለስ ባትሪው እንደሚበቃው ካላረጋገጠ ንቅንቅ አይልም። ሠላሳ ዓመት በረሃ ለበረሃ ሲነዳ የኖረው አጥናፉ ግን ይህ ሕግ ዛሬም አልዋጥ ብሎታል።

ቆላ የምትኖረው ልጁ ወልዳ፣ ከሚስቱ ከእታገኝ ጋር አራስ ሊጠይቁ ተነሥተዋል።

«ስድሳ ኪሎ ይቀንሱ» አለ መኪናው።

«ይህን መኪና የነደፈው ሰው ጫማውን ጭቃ ነክቶት አያውቅም!» ብሎ አጥናፉ እየተነጫነጨ ወረደና የገንፎውን ዱቄት አወጣ።

«ሠላሳ ኪሎ ይቀራል።»

«ኧረ አንዱን ስኮርታ ጎማ አውርደው» አለች እታገኝ።

«ሁለት ስኮርታ ሳይያዝ ቆላ አይወረድም! ይቺ ጉድ መንገድ ላይ ብትጥለን ማን ሊደርስልን ነው?»

ማሩን አወረደ። ቅቤውን አወረደ። በገዛ እጁ ያበጀውን የሕፃኑን አልጋ ሲያወርድ እታገኝ ፊቷን አዞረች። መኪናው ያኔ እሺ አለ።

አጥናፉ መንገዱን ሙሉ መኪናውን የሠራውን ኩባንያ ሲራገም ዋለ። አንድም ጎማ ሳይተነፍስ ደረሱ።

ልጃቸው ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ምን ይዘህልኝ መጣህ?»

«ኩባንያው እኮ መኪናውን ሲነድፍ፣ ከአስፋልት የሚወጣ ሰው የለም ብሎ...» ሲል ጀመረ አጥናፉ።

እታገኝ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ሄዳ የመኪናውን የኋላ በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።