ሁለተኛው መልስ

ይህቺ ልጅ ምን አይታ ነው ፊቷ እንዲህ አመድ የመሰለው? አያትየው መሐንዲሷ የልጅ ልጃቸው ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ መቅረቷን ሲያዩ ተጠጓት።

«ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ እናት?»

«ኮምፒውተሩ፣ ሕንፃው ላይ የሠራተኞቹ መቆሚያ የሚንጠለጠልበትን ገመድ ውፍረት አስልቶ ሁለት መልስ ዘረዘረልኝ። እንደልማዴ የፊተኛውን ወሰድኩ። ለካ ትክክለኛው ሁለተኛው ኖሯል፤ ገመዱ ቀጭን ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ መልሰሽ ጠይቂው እንጂ! ኮምፒውተር እንደኔ አይነጫነጭም።»

«ገመዱማ ተሰቅሏል። አባዬ ዛሬ እሱ ላይ ሆኖ ነው መስኮት የሚገጥመው።»

አባቷ የአያትየው የበኩር ልጅ ነው። «ደውዪለት፣ በሞቴ! ውረድ በዪው!»

ደወለች። አባቷ ረስቶት የሄደው ስልክ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሶፋው ትራስ ሥር ጮኸ። አያትየው አንስተው እየጮኸ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ልጅቷ አንድ እግር ጫማ ብቻ አጥልቃ ወደ ሕንፃው ለመሮጥ ከቤት ወጣች።