የተቀመጠችባት ኳስ

«ናይሮቢ ድረስ መጥቼማ ባዶ እጄን አልመለስም፤ የጨዋታውን ኳስ ይዤ ነው አገሬ የምገባው!» ብላ ሳምራዊት ስታዲየም አብረዋት ለተቀመጡት ጓደኞቿ ፎክራ ሳትጨርስ፣ በእንጨት መምቻ የምትመታው ጠንካራዋ የክሪኬት ኳስ ከሜዳው ተወርውራ እግሯ ሥር ዱብ አለች። ሌላ ተመልካች ቢሆን አንስቶ ይመልስ ነበር። በእሷ ሰፈር ግን አጥር ዘሎ ግቢ የገባ ኳስ ለግቢው ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ሹራቧን ጣል አደረገችና ኳሷ ላይ ቁጭ አለችባት።

ጨዋታው ቆመ። አንዱ ተጫዋች አጥሩ ድረስ መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ ሰዉ ወንበር ለወንበር ይፈልጋል፤ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ወደ እነሱ መደዳ እየወጣ ነው። ኳሷ እንደ ድንጋይ ትቆረቁራታለች።

«በናትሽ ስጪያቸው! ሞያሌ ወስደው ነው የሚጥሉን» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሚዛን ልታለቅስ ደርሳ።

«ሞቼ ነው! ያለሷ የክፍል ልጆች ማን ያምነኛል? ‹አንቺ ናዝሬትም አልደረስሽም› ነው የሚሉኝ።» እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ንቅንቅ አላለችም። ጥበቃው አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ ሲል ዓይኗን ጨፍና እመብርሃንን ተማጸነች።

ድንገት ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ዳኞቹ ሌላ ኳስ አስመጥተው ጨዋታው ቀጥሏል፤ ጥበቃውም ትቷቸው ወረደ። ሳምራዊት ሹራቧን ገለጥ አድርጋ በእንባዋ መሃል ሳቀች። «አየሽ? የክፍል ልጆች አሁን ምን ሊሉ ነው?»

ሚዛን ኳሷን አገላብጣ አየቻት። «እኔ እንጃ። አንቺን ስለሚያውቁሽ ‹ከሱቅ ገዝታ ነው› ይላሉ።»