የተሻረው አንቀጽ

«ይህን ማን ጻፈልሽ?»

ዶክተር ረዑፍ የሕግ መመረቂያ ጽሑፌን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያወዛውዘዋል። የአምስት ዓመት ልፋቴን ሳይሆን የሞተች አይጥ በጅራቷ የያዘ ይመስላል።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ፈታኙ ተናግሮ እስኪጨርስ ተፈታኝ አትመልስም፤ አስተያየቱን በዝምታ ትመዘግባለች፣ መልሷን በመጨረሻ በአንድ ላይ ትሰጣለች። ስለዚህ እጽፋለሁ። «ማን ጻፈልሽ» ብዬ እጽፋለሁ። እርሳሱ ወረቀቱን ይበሳዋል።

«ሴትዮዋ ሞናስቲር ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች» ይላል ወደ አዳራሹ ዞሮ። «አሥራ አራት ዓመት፣ ኮሌታ ብቻ! እጅጌውን ሌላ ሰው ይሰፋል፣ ኪሱን ሌላ ሰው። ዛሬ ደግሞ ሙሉ ሸሚዝ ይዛልን መጣች። ዘጠና ገጽ! ሁለት ልጆችም አሏት አሉ። መቼ ጻፈችው?»

መቼ? ከሞናስቲር ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ሱስ ከተማ በሚመላለሰው ባቡር ላይ፣ ቆሜ። በሐኪም ቤት ወረፋ፣ ትንሹን ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ። ትልቋ ልጄ ሲሪን ፀጉሯን ስጎነጉንላት አንቀጾቹን ትጠይቀኝ ነበር፤ ስሳሳት «ወደቅሽ፣ እማዬ» እያለች ትስቅብኛለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አትስቅም።

ከኋላ የፋብሪካ ጓደኞቼ ያጉረመርማሉ። የጠዋት ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ሰማያዊ ጋዎናቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ ሰውዬ? ምሳ አልበላም እንዴ?» ትላለች የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለዋ ሐስና። ሹክ ማለቷ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማት።

«ጸጥታ!» ይላሉ የፈታኞቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ራድያ።

ዶክተር ረዑፍ ሦስተኛውን ምዕራፍ ይገልጣል። የጽሑፌ ምሰሶ ይህ ነው፤ እሱ ከወደቀ እኔም ወደቅኩ።

«ይኸውላችሁ። የጻፈላት ሰው ሕግ እንኳ አያውቅም። ሥራ ላይ የተጎዳች ሠራተኛ ዘግይታ ብታመለክትም መብቷ አይቀርም ይላል። አንቀጹ ግን ግልጽ ነው።» ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ይወጣዋል። «ጉዳቷን በማግስቱ ያላሳወቀች ሠራተኛ ካሳ አይገባትም።»

እርሳሴ ይቆማል። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

«ተሽሯል» እላለሁ።

«ገና አልጨረስኩም። ደንቡን አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል። አንቀጹ ግን ተሽሯል።» ስነሳ ወንበሩ ከኋላዬ ይወድቃል። ይውደቅ። «እርስዎ በቃልዎ የወጡት ነገር ፋብሪካችን ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ሥር ተለጥፏል። ሁለት ጊዜ ቀድጄ ጣልኩት፣ ሁለት ጊዜ አዲስ ለጠፉ። ከስድስት ዓመት በፊት የስፌት መኪናው መርፌ ይህን ጣቴን በስቶ ውስጡ ተሰበረ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳመለክት አለቃዬ እየጎተተ ወስዶ ያንን ወረቀት አነበበልኝ። አመንኩት። የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። እዚህ ተመዝግቤ ገና በመጀመሪያው ዓመት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈለግሁት። ለእኔ በተነበበበት ቀን፣ ከተሻረ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር! አለቃዬስ ይሁን፤ ትርፉን ነው የሚያየው። እርስዎ ግን ያስተምራሉ።»

ፕሮፌሰር ራድያ መነጽራቸውን አድርገው ከፊታቸው ያለውን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ይስባሉ። አንድ ገጽ ይገለጣል። ሌላ ገጽ። ጣታቸው መስመር መስመሩን ይወርዳል፣ ይቆማል።

«ተሽሯል» ይላሉ። «ልክ ናት።»

መጀመሪያ እልል የሚሉት አማቴ እማማ ምብርካ ናቸው። ወዲያው የኋላው ረድፍ በሙሉ ይቀበላቸዋል። ውጤት ሳይነበብ እልል አይባልም፤ ደንብም አይደለም፣ ገዱም ጥሩ አይደለም። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ።

«እማማ! ገና ነው! ሁላችሁንም ነው የማስወጣው!»

«እልልታ አንዴ ከወጣ በምን ይመለሳል፣ ልጄ?» ይላሉ እማማ ምብርካ፣ ለምርቃቱ ያመጡትን የባቅላዋ ጣፋጭ ትሪ ጭናቸው ላይ አቅፈው። «ይልቅ እናንተ ቶሎ ተነጋገሩና ድረሱበት።»

ፕሮፌሰር ራድያ ፊታቸውን በመጽሐፉ ይሸፍናሉ። ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

ሦስቱ ፈታኞች ለውይይት ይወጣሉ። ሃያ ደቂቃ። ሐስና የራሷን ጥፍር በልታ ጨርሳ የእኔን ልትጀምር ነው። «ከጣሉሽ» ትለኛለች፣ «ያንን ሰውዬ ኮሌታው ውስጥ ነው የምሰፋው።»

ሲመለሱ እንደ ወጉ ሁላችንም እንቆማለን። ፕሮፌሰር ራድያ ያነባሉ፤ «ጉባኤው ሥራው የተፈታኟ የራሷ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋግጦ፣ በከፍተኛ ማዕረግ...»

የቀረውን የሰማ ያለ አይመስለኝም። ሲሪን ወገቤ ላይ ተጠምጥማ ትጮሃለች፤ ጋዎኖቹ ወንበር እየዘለሉ ይመጡብኛል፤ አንዷ ጫማዬን ረግጣ ታወልቀዋለች።

ባቅላዋው ሲዞር ዶክተር ረዑፍ በሰው መሀል እየተጋፋ ወደ እኔ ይመጣል። ይቅርታ አይልም። እኔም አልጠበቅኩትም። አጠገቤ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል፣ እስክሪብቶ ያወጣል።

«የተሻረበትን ቀን» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክዎ ይንገሩኝ።»

ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን እነግረዋለሁ፤ እየቆየሁ፣ እየጻፈ እስኪደርስብኝ እየጠበቅኩ። ሌላ ወረቀት ስላጣ በባቅላዋው መጠቅለያ ላይ ይጽፋል፤ ማሩ ያልነካውን ቦታ እየፈለገ።