አርባ ሰከንድ ቀድማ

ልጁ ወደ ሜዳው መስመር ሲመለስ ልብስ ሰፊው አባቱ በቴሌቪዥን የሚያየው ፊቱን አይደለም፤ ቁምጣውን ነው። ጨርቁ በግራ እግሩ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ እያየ ከቀኙ ጋር ያስተያያል። ከጉልበቱ ቀዶ ጥገና በኋላ የግራ ጭኑ ሁለት ጣት ያህል ቀጥኖ ነበር። ሱሪዎቹን በአንድ በኩል ብቻ ያጠበበለት አባቱ ነው፤ ባለፈው ወር መልሶ የለቀቀለትም እሱ ነው።

ዛሬ ልጁ ከአስራ አንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገብቷል። ሐኪሙ ያለውን አባትም እናትም በቃላቸው ይዘውታል፤ የጉልበቱ ጅማት ዳግመኛ ከተበጠሰ ኳስ መጫወት አበቃ።

ልብስ ሰፊው የቴሌቪዥን ኬብሉን አስቆርጦ ኢንተርኔት ያስገባው ለዚህ ቀን ብሎ ነው። ኬብሉ ላይ ሳሩ አረንጓዴ ጭቃ፣ ተጫዋቾቹ ማሊያ የለበሱ ጉም ነበሩ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ይበታተንና ድምፁ ብቻውን ይቀራል። ልጁን የሚለየው በአሯሯጡ ነበር። አሯሯጡ ከተለወጠ በምን ይለየዋል? በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ላቡን ያሳያል፣ ካልሲው ላይ የተለጠፈውን ሳር ያሳያል። ሲያሟሙቁ ካሜራው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ጠባሳውን አይቶ፣ ደህና አድርገው ሰፍተውታል ብሏል ለራሱ።

ሚስቱ ግን እንዲህ ከሆነስ አላይም አለች። ሲያመው ጥርሱን እንዴት እንደሚነክስ አውቃለሁ፣ ያንን በዚህ ሁሉ ጥራት ማየት አልችልም አለች። ስለዚህ ግድግዳ ወደሚጋራቸው ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄዳለች። እዚያ ኬብሉ እንዳለ ነው፤ ልጇም ከሌሎቹ ጋር የተቀላቀለ ጉም ነው።

ኢንተርኔቱን ሲያስገባ ያልነገሩት አንድ ነገር ነበር፤ ምስሉ ይዘገያል። ጎሉ መጀመሪያ ከግድግዳው ወዲያ ይገባል፤ እሱ ቤት የሚደርሰው አርባ ሰከንድ ቆይቶ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶበታል። እሱ ቤት ገና ትናንት ነው፣ ዛሬ ብላጨው ፂሙ የሚወርደው ነገ ነው ይላል። ልብስ ሰፊው አልተቀየመም። እሱም ስቋል።

በሰባኛው ደቂቃ ላይ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጫጫታ ቀጥ ይላል። ጎል ቢገባባቸው ዳኛውን ይሰድቡ ነበር። አሁን የሚሳደብ የለም። አንድ ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል። በር ይከፈታል፤ ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ ይሰማል።

ሚስቱ ትገባለች። የእሷ ያልሆነ ትልቅ የወንድ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። በሩን የተኛ ሰው ያለ ይመስል ቀስ ብላ ትዘጋዋለች። አላለቀሰችም።

"ግራ ጉልበቱ ነው?" ይላል ልብስ ሰፊው።

"ግራው ነው።"

እነሱ ቴሌቪዥን ውስጥ ገና ምንም አልተፈጠረም። ኳሷ በወዲያኛው ጫፍ ናት። ልጃቸው ወገቡን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ልብስ ሰፊው ሐዘኑ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ አይመጣም። ኮሪደሩ አስር ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሩ አምስት ቢሆን ብሎ ከአርባው ሰከንድ የቀረውን ለማስላት ይሞክራል፤ ቁጥሩ ይጠፋበታል። ሱሪው ላይ የተጣበቀች ነጭ ክር ያያል። በሁለት ጣቱ አንስቶ የሚጥልበት ቦታ ይፈልጋል።

ሚስቱ አጠገቡ ትቀመጣለች። ኢንተርኔቱ ቤታቸው ከገባ ወዲህ ወደ ስክሪኑ ቀና ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ካሜራው ልጁን ቀርቦ ይይዘዋል፤ ልጁ ከቅንድቡ ላይ ላቡን ይጠርጋል።

"ወፍሯል" ትላለች።

"ትንሽ።"

"ተመችቶታል።"

ሪሞቱን ያነሳል። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነው፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስለዋል።

"ላጥፋው?"

ዓይኗን ከስክሪኑ አትነቅልም።

"ተወው" ትላለች። "ይሩጥ።"

ኳሷ ከመሀል ሜዳ በረጅሙ ወደ ልጁ መስመር ትላካለች። ልጁ የት እንደምትወድቅ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶታል። ቀና ይላል፤ ለሩጫ ይነሳል፤ ተከላካዩን ሁለት እርምጃ ጥሎት ያልፋል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከመስመሩ ጀርባ ከመቀመጫቸው ብድግ ያሉት ሰዎች ፊታቸው አንድ በአንድ ይለያል። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል።