የአባ ጃርት ሳል

የ‹ጃርቶቹ ቤተሰብ› ካርቱን አፍቃሪዎች የቴሌግራም ቡድን፣ አባ ጃርት ለምን እንደሚስል የአገር ጉዳይ ይመስል ሲነታረክ ዋለ።

«ጎረቤቱ ቀበሮ መርዞት ነው! ክፍል ዘጠኝን ልብ ብላችሁ እዩ» አለች ትርሲት።

«ባክሽ፣ ለሚስቱ የሚሰጣት ምልክት ነው» አለ አቤኔዘር። «ለማንኛውም በአዲሱ ቅጂ ድምፁን ሌላ ተዋናይ ሠርቶታል፤ ከሳሉ ተገላገልን።»

እስካሁን ምንም ያልጻፈ አንድ የቡድኑ አባል ሁሉንም አነበበ፤ አልሳቀም፣ አልተናደደም። «የድሮው ክፍል አሥራ አንድ ያለው አለ?» ብሎ ጻፈ።

«ምን ያደርግልሃል?» አለች ትርሲት። «‹ልጆቼ› ይልና እስከ መጨረሻው ሲስል ነው የሚያልቀው።»

«እሱው ይበቃኛል።»

ላከችለት።

«እማዬ፣ የአባዬን ድምፅ አገኘሁት» ሲል ተጣራ።

እናቱ ፎጣ እንደያዘች መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። እስኪያበቃ ቆማ አዳመጠች።

«ያን ቀን የሳል ሽሮፑን ረስቶት ነው ለቀረጻ የሄደው» አለች።