ጠባቂ የማያሻው ማሞቂያ

ቴክኒሻኑን የቀጠረችው የአንድ ባልና ሚስት ልጅ ናት። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። በወለደች ሰሞን ስልክ ደወለችለት።

«አባቴ እባብ ያረባል» አለችው። «ማሞቂያውን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ይሞታሉ እያለ እናቴን ቤት አስሮ አስቀምጧታል። ለሠርጌ እንኳ አልመጣችም። ይኸው አሁን ደግሞ አራስ ሆኜ ብቻዬን ነኝ። ወንድሜ፣ ጠባቂ የማይፈልግ ማሞቂያ ግጠምላቸውና እናቴን አስፈታልኝ።»

ቴክኒሻኑ ማቀዝቀዣና ምድጃ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ እስረኛ አስፈታ ተብሎ አያውቅም። ልጅቷ ግን አንጀቱን በላችው።

ቤቱ ሲደርስ የግቢውን በር የከፈተለት ባልየው ነው። ከሱቅ መመለሱ ነበር፤ ሽንኩርትና ሳሙና የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። ሚስትየዋ ከሳሎን ውስጥ ሆና «ግባ ልጄ፣ ግባ» አለችው። ፊቷ ፀሐይ የነካው አይመስልም። ልብስ እንኳ የምታሰጣው ኮሪደር ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ይህን ሁሉ አይቶ ባልየውን በሆዱ ረገመው።

እባቦቹ ያሉት ጓዳ ውስጥ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የፕላስቲክ መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ በየመሳቢያው አንድ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ባልየው በሩ ላይ ቀረ። ሚስትየዋ አንዱን መሳቢያ ሳበችና እባቡን በባዶ እጇ አውጥታ እንደ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«መርዝ የላቸውም» አለች። «ጠላታቸው ብርድ ብቻ ነው።»

እስካሁን ክፍሉን የሚያሞቀው ቁልፉ በእጅ የሚዞር አሮጌ ማሞቂያ ነበር። አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል፤ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከፍ ዝቅ ካላደረገው አይሆንም። ቴክኒሻኑ የሚሻለውን አስረዳ። ከመሳቢያዎቹ ሥር፣ በጀርባቸው በኩል፣ የማሞቂያ ጥብጣብ ይዘረጋል። ኋላቸው ይሞቃል፣ ፊታቸው ቀዝቀዝ ይላል፤ እባቡ የሚስማማውን ይመርጣል። ሙቀት የሚለካው ሽቦ ጥብጣቡ ላይ ይታሰራል። ሲግል ሽቦው የተያያዘበት ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱ፣ ራሱ ያጠፋል፣ ሲበርድም ራሱ ያበራል።

«ሰው ባይኖርስ?» አለ ባልየው።

«ይሠራል አባቴ።»

«ለሳምንትም?»

«ለዓመትም።»

ባልየው ደስ አላለውም። «ሰው አጠገቡ የሚፈልግ ዓይነት የለህም?» አለ።

ቴክኒሻኑ ብዙ ጉድ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞት አያውቅም። ደንበኛ ሁሉ የሚለምነው ተቃራኒውን ነው። «የለኝም» አለና ጥብጣቡን መዘርጋት ጀመረ። የጥብጣቡ ጫፍ አምልጦት ባልየው እግር ላይ ሲወድቅ፣ ባልየው ዘሎ ኮሪደር ገባ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ!» አለች ሚስትየዋ እየሳቀች። ቴክኒሻኑ አልሳቀም፤ በዚህ ሰውዬ ነገር መሳቅ አላሰኘውም።

ሥራው ሲያልቅ ሚስትየዋ መረቀችው። «በቃ፣ ነገ የልጅ ልጄን አቅፋለሁ!» አለች። እሱ ሳይወጣ ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ባልየው ደወለ። መሳቢያዎቹ እንደ ምጣድ ግለዋል፤ አንዱ እባብ ሊሞት ነው።

ቴክኒሻኑ እየበረረ መጣ። ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። የመለኪያው ሽቦ ከጥብጣቡ ተመዞ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተጥሏል። መሣሪያው ምን ያድርግ? ወለሉን እየለካ፣ ገና አልሞቀም እያለ፣ ያለ ዕረፍት ሲያሞቅ አደረ። አጥብቆ አስሮት እንደሄደ ደግሞ እሱ ራሱ ያውቃል። በራሱ አይወልቅም፤ የሰው እጅ ነክቶታል።

ሚስትየዋ ለመንገድ ለባብሳ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የጫማዋ ቆዳ ከእርጅና ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ሶሉ ግን ምንም አልተበላም።

«ማነው የነቀለው?» አለ ቴክኒሻኑ፣ ባልየው ላይ አፍጥጦ።

ባልየው ሚስቱን አየት አደረጋት። «እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«ሆድ ይፍጀው።»

የቴክኒሻኑ ደም ፈላ። «ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? አያፍሩም? ሚስት እኮ እንደ እባብ መሳቢያ ውስጥ አትዘጋም!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

ቴክኒሻኑ ሽቦውን መልሶ አጥብቆ አሰረ። በዚህ ግን አላበቃም። «እናቴ፣ ይነሱ» አለ። «መኪናዬ ደጅ ቆማለች፤ መናኸሪያ አደርስዎታለሁ። እስቲ ማን እንደሚያስቀርዎት አያለሁ!»

ያስቀራት ሰው የለም። ባልየው ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ። የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ተመልሶ መጣ። «ሂጂ በቃ» አላት፣ ጎረቤት በማይሰማው ድምፅ። «ልጃችን እየጠበቀችሽ ነው።»

ሚስትየዋ እስከ ሳሎኑ ደፍ መጣች። አንድ እግሯን አነሳች። እግሯ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ተመልሶ እዚያው ውስጥ አረፈ። ደጁን ስታይ ላብ አጠመቃት። «መጣሁ፣ ሙቀቱን አንዴ ልየው» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቴክኒሻኑ እባቦቿን ልትሰናበት ነው ብሎ ጠበቀ። ስትዘገይበት ተከተላት። መሳቢያዎቹ ሥር ተንበርክካ፣ ሽቦውን እየመዘዘች ነበር።

ወደ ውጭ ሲመለስ ባልየው ሻንጣውን ከመኪናው አውርዶ ይዞ ሲገባ አገኘው። ባልየው ሻንጣውን ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠ፣ ወለል ብሎ ወደተከፈተው የግቢ በር ተመለሰ፣ አጥሩ ላይ ወደተደረደሩት ጎረቤቶች አየ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«የትም አትሄጂም ብያለሁ!» ብሎ ጮኸላት።